ኢናሮስን የከዳው ማን ነው? የአንድ ክርክር ውሎ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይቱን ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ አጭር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ460 ገደማ ኢናሮስ የሚባል የሊቢያ ገዥ በፋርስ ላይ ሸፍቶ አብዛኛውን ግብፅ ከጎኑ አሰለፈ፤ አቴንስን ለእርዳታ ጠራ፤ አቴንስም መርከቦቿን ሰደደችለት። ስድስት ዓመት ያህል ከተዋጉ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ፤ ኢናሮስም ተሰቀለ። የአቴንሱ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ይህን ሲጽፍ ሰውየው በክህደት መያዙን ተናግሮ ያልፋል፤ ማን እንደ ከዳው አይጠቅስም። ከፋቹ ጥያቄውን ብቻ ጥሎ አልሄደም፤ መልሱንም አያይዞታል። በእሱ እምነት ከዳተኛዋ አቴንስ ናት። ኃያል መንግሥት ትንሽ ወዳጁን እስከጠቀመው ድረስ ይይዘዋል፣ ሲከብደው ይጥለዋል ብሎ ደምድሟል።

ከዚያ በኋላ 41 መልሶች ተከታተሉ። ሁሉንም አልተርክም። ምስጋና ብቻ የያዙትን እዘላለሁ፤ ቁም ነገር ያለባቸውን ግን በቁጥራቸው እየጠራሁ ማን ምን እንዳለ እናገራለሁ። የኢናሮስ ስም በአማርኛ እምብዛም አይነሣም፤ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ሲከራከርበት በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ክርክሩ እዚያው ተቀብሮ እንዲቀርም አልፈለግሁም።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ከፋቹን አመስግኖ፣ ታሪኩን ለማያውቁ መንደርደሪያ ሰጠ። ፋርሶች ግብፅን የያዙት በ525 ቅ.ል.ክ. በካምቢሴስ ዘመን ነው። በ486 ግብፃውያን አምፀው ነበር፤ ዜርክሲስ አመፁን ደምስሶ ወንድሙን አኬሜኔስን አገረ ገዥ አድርጎ ሾመባቸው። በ465 ዜርክሲስ በቤተ መንግሥቱ ሲገደል ልጁ አርጤክስስ ነገሠ። ይህ አርጤክስስ ነህምያ ጠጅ አሳላፊው የነበረው ንጉሥ ነውና ለእኛ አንባቢዎች ባዳ አይደለም አለ። ኢናሮስ የተነሣው የአዲሱ ንጉሥ ዙፋን ገና ሳይረጋ ነው፤ መነሻውም ማሬያ የምትባል ከተማ፣ ኋላ እስክንድርያ ከተቆረቆረችበት ስፍራ አጠገብ ነበረች።

2ኛው በዚህ ተስማማ። 3ኛዋ ግን ከፋቹን አረመችው፤ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትለሳለስ። ኢናሮስን ትንሽ ወዳጅ ብሎ መጥራት አይበቃም አለች። የአባቱ ስም ፕሳሜቲኮስ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፋርሶች በፊት ግብፅን የገዛው የ26ኛው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ስም ነው። በምዕራባዊው በረሃ፣ በኻርጋ ኦአሲስ፣ አይን መናዊር በሚባለው ቦታ በቁፋሮ የተገኘ ጽሑፍ ያለበት የሸክላ ስባሪም አለ፤ የተራ ሰዎች ውል ነው፤ ዘመኑ የተቆጠረው ግን በኢናሮስ 2ኛ ዓመት ነው። ሰዎች ለመሬታቸውና ለውኃቸው ሲዋዋሉ ዓመቱን በስሙ ከቆጠሩ፣ ለእነሱ ተራ ሽፍታ አልነበረም ማለት ነው። ከክሩ ሁሉ እጅግ የጠቀመኝ መልስ ይህ ነው። የጦርነት ወሬ ከግሪክ ጸሐፊዎች በኩል ብቻ በሚሰማበት ነገር ላይ፣ አንዲት የሸክላ ስባሪ ከራሱ ሰዎች ወገን መጣችና ተናገረች።

4ኛው አልተቀበለም። ስም ዘር አይሆንም፤ የነገሥታትን ስም ለልጁ የሚያወጣ ብዙ ነው አለ። በደቡብ ጫፍ በአስዋን አጠገብ ባለችው በኤለፋንቲን ደሴት የነበሩት የአይሁድ ወታደሮች በ459 የጻፉት ውል ዘመኑን የሚቆጥረው በአርጤክስስ ነው፤ ስለዚህ ኢናሮስ ግብፅን ሁሉ አልገዛም። 3ኛዋም ተመልሳ ይህ እውነት መሆኑን ተቀበለች፤ ግዛቱ የአባይ ዴልታ፣ የምዕራቡ ምድረ በዳና የሊቢያ ወሰን ነው፤ ደቡቡ ከፋርስ እጅ አልወጣም ብላ አስተካከለች። እዚህ ድረስ ክርክሩ እንዴት ያለ መከባበር እንደነበረው ልብ ይሏል።

ቀጥሎ የጻፈችው 6ኛዋ ፓሪስ የምትኖር ሴት ናት፤ ሉቭር ሙዚየም ያየችውን የእብነ በረድ ሰሌዳ አወራችልን። ሰሌዳው ከአቴንስ 10 ነገዶች የአንዱን፣ የኤሬክቴይስን ሙታን የያዘ ነው። ከአናቱ ላይ፣ እነዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ በቆጵሮስ፣ በግብፅ፣ በፊንቄ፣ በሃልኤይስ፣ በኤጊናና በሜጋራ በጦርነት የሞቱ ናቸው ይላል። ከዚያ በታች ስሞቹ በዓምድ በዓምድ ይወርዳሉ፤ ከ170 በላይ ናቸው፤ የአባት ስም የለም፣ ማዕረግም ከጥቂቶቹ በቀር የለም። ከመካከላቸው የጦሩ ጠንቋይ የነበረ አንድ ሰው ይገኛል፤ ቀስተኞቹ ለብቻቸው ተጽፈዋል። ሴትየዋ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆማለች። አንድ ነገድ ብቻ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ከቀበረ፣ ሌሎቹ ዘጠኙስ ስትል ጠየቀች። ደግሞም ግብፅ የሚለው ስም እዚያ ላይ ከስድስት የጦር ሜዳዎች አንዱ ሆኖ ብቻ መቆጠሩን አስተዋለች። ለኢናሮስ ያ ጦርነት ሕይወቱ ነበር፤ ለአቴንስ ግን በዚያው ዓመት ከያዘቻቸው ስድስት ግንባሮች አንዱ ነው።

7ኛው ይህን ለሌላ ነገር አዋለው። ድምፁ እዚህ ላይ ጠንከር ብሏል። ይህን ያህል ልጇን የገበረች ከተማ ከዳተኛ ልትባል አትችልም፤ ከፋቹ ድንጋዩን ይይና ይፍረድ አለ። ከፋቹ በ8ኛው ተመለሰ፤ እነዚያ የሞቱት በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ እኔ የምጠይቀው ስለ መጨረሻው ነው ብሎ መለሰለት።

9ኛው ረጅም ነው፤ ጦርነቱን ከመነሻው ተረከው። አቴናውያን በዚያን ጊዜ የእነሱና የተባባሪዎቻቸው 200 መርከብ ይዘው በቆጵሮስ ዙሪያ ነበሩ። የኢናሮስ መልእክት ሲደርሳቸው የያዙትን ትተው ወደ ግብፅ ዞሩ። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ እንደሚለው ኢናሮስ ግብፅን ነፃ ካወጡለት በመንግሥቱ ሊያካፍላቸው ቃል ገብቶ ነበር። ፓፕሬሚስ በተባለው ስፍራ በተደረገው ጦርነት አገረ ገዥው አኬሜኔስ ተገደለ። መርከቦቹ ወንዙን ይዘው ወደ ሜምፊስ ወጡ፤ የከተማዋን ሁለት ሦስተኛ ያዙ። የተረፉት ፋርሶችና ሜዶን፣ አመፁን ያልተቀበሉ ግብፃውያንም ጭምር፣ ነጭ ግንብ በሚባለው በቀረው ሲሶ ውስጥ ገብተው ተዘጉ። በሳሞስ ደሴት በሄራ መቅደስ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍም በሜምፊስ አካባቢ 15 የፊንቄ መርከቦች መማረካቸውን ያነሣል፤ ስለዚህ የመጡት አቴናውያን ብቻ አይደሉም፣ አቴንስ የምትመራው ጥምረት ከተሞችም ነበሩበት።

ይኸው 9ኛው ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በፓፕሬሚስ ያየውንም ጨመረ። ሄሮዶቱስ ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ በሜዳው ላይ የተበተኑትን አጥንቶች ተመልክቷል። የፋርሶቹ የራስ ቅል በጠጠር ቢመቱት ይበሳል፣ የግብፃውያኑ ግን በትልቅ ድንጋይም አይሰበርም ይላል። ምክንያቱንም የአገሩ ሰዎች ነገሩት፤ ግብፃውያን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ራሳቸውን ስለሚላጩ አጥንታቸው በፀሐይ ይጠነክራል፣ ፋርሶች ግን ቆብ አድርገው በጥላ ያድጋሉ አሉት። 10ኛው ሐኪም ነው፤ ፀሐይ የራስ ቅልን እንደማያወፍር አስረዳ። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ ሜዳው ድረስ ሄዶ አጥንት ለያይቶ ማየቱ ራሱ ትልቅ ምስክርነት ነው አለ፤ በዚህ እስማማለሁ። 11ኛውና 12ኛዋ ወደ ልጅነት አስተዳደግ ገቡ፤ አያቶቻቸው ራሳቸውን ላጭተው ቁንጮ ብቻ ይተውላቸው እንደነበር አስታወሱ። አድሚኑ በፍቅር ወደ ርዕሱ መለሳቸው።

ከ13 እስከ 17 ያለው የመርከብ ቁጥር ጠብ ነው፤ ክሩም የከረረው እዚህ ላይ ነው። 13ኛው ሒሳቡን አስቀመጠ። አንድ የአቴንስ የጦር መርከብ በሦስት ረድፍ 170 ቀዛፊ ይይዛል፤ ከወታደሩና ከመርከብ ሠራተኛው ጋር 200 ሰው ይሞላል። 200 መርከብ ማለት 40 ሺህ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ግብፅ ላይ ከጠፋ አቴንስ እንዴት ቆማ ሄደች? 14ኛው ክቴሲያስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ 40 መርከብ ብቻ እንደሚል አስታወሰ፤ ምናልባትም ከሜምፊስ ድል በኋላ አብዛኛው ወደ ሌላው ግንባር ተመልሶ ይሆናል አለ። 15ኛው በዚህ ተቆጣ። ክቴሲያስ ውሸታም ነው፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚከራከር ሰው ታሪክ አያውቅም ብሎ ጻፈ። 16ኛው አጸፋውን መለሰ። ክቴሲያስ በፋርስ ቤተ መንግሥት የ2ኛው አርጤክስስ ሐኪም ነበር፤ የቤተ መንግሥቱን ወሬ ከውስጥ ሰምቷል፤ መጽሐፉ ጠፍቶ ዛሬ የምናገኘው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎቲዮስ ባሳጠረው በኩል ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ሁሉ የእሱ ላይሆን ይችላል አለ። 15ኛው አጭሩን ያነበበ መጽሐፉን አነበብኩ አይበል ሲል፣ 16ኛው ደግሞ ጨርሶ ሳያነቡ ከመሳደብ ይሻላል አለው። አድሚኑ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

እኔ በዚህ ላይ የምለው ይህ ነው። ቱሲዲደስ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ በሊቢያ በኩል ወደ ቀሬና አምልጠው መትረፋቸውንና የቀሩት ማለቃቸውን ይናገራል። ሊረዳቸው የተላከ 50 መርከብም የሆነውን ሳያውቅ በሜንዴስ በኩል ባለው የወንዙ አፍ ገባ፤ ከየብስ እግረኛ፣ ከባሕር የፊንቄ መርከቦች መጡበትና አብዛኛው ጠፋ። መጀመሪያ የመጣው 200 ይሁን 40፣ የመጨረሻው ጉዳት ለአንድ ከተማ ከባድ ነበር። ስለ ቁጥሩ የተሰዳደቡት ሰዎች ሁለቱም በዚህ አይለያዩም ነበር።

18ኛው ፋርሶች በገንዘብ ሊያሸንፉ መሞከራቸውን ጻፈ፤ አርጤክስስ አንድ ሰው ወርቅ አስይዞ ወደ ስፓርታ ላከ፣ ስፓርታ በአቴንስ ምድር በአቲካ ላይ እንድትዘምትና አቴንስ ጦሯን ከግብፅ እንድትመልስ ነው አለ። ነገር ግን የተላከው ሰው በኋላ ጦር ይዞ የመጣው ራሱ ሜጋቢዙስ እንደሆነ አድርጎ ጻፈው። 19ኛዋ አረመችው፤ ወርቅ ይዞ የሄደው ሜጋባዙስ፣ ጦር ይዞ የመጣው የዞፒሮስ ልጅ ሜጋቢዙስ ነው፤ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስፓርታውያንም ገንዘቡን በከንቱ አስወጡትና ሳይዘምቱ ቀሩ፤ የተረፈውን ይዞ ወደ እስያ ተመለሰ። ወርቁ ባይሠራ የቀረው መንገድ ጦር ነበር፤ ሜጋቢዙስ በየብስ መጥቶ ግብፃውያንንና አጋሮቻቸውን ድል አደረገ፣ ግሪኮቹን ከሜምፊስ አስወጥቶ ፕሮሶፒቲስ በተባለች ደሴት ላይ ዘጋባቸው።

20ኛው የፕሮሶፒቲስን ነገር በዝርዝር አነሣ። ደሴቷ በዴልታው ውስጥ በወንዝ ቅርንጫፎች መካከል ያለች ምድር ናት። ከበባው 18 ወር ፈጀ። በመጨረሻ ፋርሶቹ የውኃውን መንገድ ወደ ሌላ ቀልብሰው ቅርንጫፉን አደረቁት፤ መርከቦቹ ጭቃ ላይ ተቀመጡ፣ ደሴቷም ከየብስ ጋር ተገናኘች፣ እግረኛው ተሻግሮ ያዛት።

21ኛው መስኖ ላይ የሠራ መሐንዲስ ነው፤ መልሱ ከሁሉ ያስገረመኝ ነው። ዴልታ ላይ ውኃ ማዞር በሌላ ቦታ ከማዞር እንደሚቀል አስረዳ፤ ቅርንጫፎቹ ብዙ ስለሆኑ ከላይ በአፈር ገድበህ ወደ ጎረቤቱ ቅርንጫፍ የምትለቅበት ዝቅ ያለ ቦታ አይጠፋም። ወቅቱ ግን ይወስናል። ወንዙ በክረምታችን ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም፣ ሞልቶ ሲመጣ የአፈር ግድብ አይቆምም። ውኃው የሚወርደው ከእኛው ተራሮች ነው፤ ጎርፉን የሚያመጡት ጥቁር አባይ፣ ተከዜና ሌሎቹ የደጋ ወንዞች ናቸው። ዝቅ የሚለው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ስለዚህ ሥራው በበጋ መሠራት አለበት። ከዚህም ተነሥቶ አንድ ነገር አሰላ፤ 18 ወር የተከበበ ሰው ቢያንስ አንድ ሙሉ የጎርፍ ወቅት ደሴቷ ላይ አሳልፏል። አንድ ጊዜ ውኃው ሞልቶ ሲጠብቃቸው አይተዋል፤ ዘብ የሆናቸውም ያ ነበር። ፋርሶቹም ወንዙ የሚጎድልበትን ጊዜ ጠብቀው ሠሩ ማለት ነው። የከበባውን ርዝመት በዚህ መንገድ ያየ ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ከ22 እስከ 25 ያሉት ግን አባይ ሲነሣ የሚሆነው ሁሉ ሆነ፤ ወደ ዛሬው ግድብና ወደ ዛሬው ፖለቲካ ገቡ። አድሚኑ ሁለቱን አጠፋቸው። ትክክል አድርጓል፤ ለዚያ ሌላ ክር ሞልቷል።

26ኛው የከፋቹን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ መልሱም ለከፋቹ የሚመች አልነበረም። ዲዮዶሮስ እንደጻፈው ወንዙ ሲደርቅ የደነገጡት ግብፃውያኑ ናቸው፤ አቴናውያኑን ትተው ከፋርሶቹ ጋር ለብቻቸው ታረቁ። አቴናውያኑ አጋር አጥተው፣ መርከቦቻቸውም ከንቱ ሆነው ሲያዩ በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ብለው አቃጠሏቸው፣ ለመጨረሻ ውጊያም ተሰለፉ። የፋርስ አዛዦች ቁርጠኝነታቸውን አይተው ከግብፅ በሰላም እንዲወጡ ስምምነት ሰጧቸው። ስለዚህ አስቀድሞ የከዳ ካለ የኢናሮስ ወገን ነው ሲል ደመደመ።

27ኛዋ ተቆጥታ ገባች። ዲዮዶሮስ ከነገሩ 400 ዓመት በኋላ የጻፈ ግሪክ ነው፤ ግሪኮች ሲሸነፉ ጥፋቱ ምንጊዜም የአገሬው ሰው ይሆናል አለች። ደግሞስ ስምምነት ተቀብሎ የወጣው ማን ነው? ኢናሮስ ከእነሱ ጋር አልወጣም፤ የተሰቀለው እሱ ነው። 28ኛው በእርጋታ አስታወሰ፤ ቱሲዲደስ ራሱ በዚያ ዘመን ገና ሕፃን ነበርና ያየው ነገር የለም፤ ስምምነት ስለመኖሩም አንድ ቃል አልጻፈም።

29ኛዋ የክቴሲያስን ትረካ አመጣች፤ በዚያ ላይ 15ኛው እንደገና ሊቆጣ ሲል አድሚኑ ከለከለው። በክቴሲያስ ትረካ ኢናሮስ ከሜጋቢዙስ ጋር ሲዋጋ ጭኑ ላይ ቆሰለ። ከዚያም ከ6 ሺህ ከሚሆኑ ግሪኮች ጋር እጁን የሰጠው፣ ንጉሡ ምንም እንዳያደርጋቸው ሜጋቢዙስ ቃል ገብቶለት ነው። አርጤክስስም የአማቹን ቃል አከበረ፤ ሜጋቢዙስ የእኅቱ ባል ነበርና። የንጉሡ እናት አሜስትሪስ ግን አልተኛችም። በግብፅ የሞተውን አኬሜኔስን ክቴሲያስ ልጇ ነው ይላል፤ ደሙን ፈለገች። ንጉሡን ለመነች፣ እምቢ አላት፤ ሜጋቢዙስን ለመነች፣ እምቢ አላት። አምስት ዓመት ወተወተች። በመጨረሻ ንጉሡ ታከተውና ሰጣት። ኢናሮስን በሦስት እንጨት ላይ ሰቀለችው፤ ከግሪኮቹም 50 ሰው አንገታቸውን አስቀላች። ሜጋቢዙስ ቃሉ ስለፈረሰ አዝኖ ወደ ሶርያ ወረደ፤ ከዚያም በንጉሡ ላይ ሸፈተ።

30ኛው አሜስትሪስ አስቴር ናት የሚል ነገር አነሣ። 31ኛው፣ በአነጋገሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው የሚመስለው፣ ወንድሜ ብሎ በለሰለሰ ቃል መለሰለት፤ ሄሮዶቱስ የአሜስትሪስን አባት ኦታኔስ የሚባል የፋርስ ሰው ነው ይላል፣ አስቴር ግን የአይሁድ ልጅ ናት፤ ሁለቱን ማገናኘት አይሆንም። ነገሩ በዚህ ቆመ።

እኔ የገባሁት በ33ኛው ነው። ክርክሩን ሳነብ የከነከነኝ፣ ሁሉም አቴንስ ከዳች ወይስ አልከዳችም እያለ ኢናሮስን የሰው እቃ ማድረጉ ነው። ቱሲዲደስ ስለ ሞቱ በተናገረበት በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የግብፅን ነገር ሁሉ ያደረገው እሱ መሆኑን መስክሯል። ይህን የጻፈው አቴናዊ ነው። አቴንስ አልቀሰቀሰችውም፤ ማሬያን ይዞ፣ አገሩን አሳምፆ ጨርሶ ነው የጠራት። ለምን እንደጠራትም ግልጽ ነው። ሊቢያና ዴልታው ተዋጊ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው የጦር መርከብ ነው። ግብፅ ደግሞ የወንዝ አገር ናት፤ የፊንቄ መርከቦችን የያዘ ፋርስ ወንዙን ይዞ እስከ ሜምፊስ ይደርሳል። ኢናሮስ የጎደለውን አንድ ነገር አይቶ፣ ያንን አንድ ነገር ካለው አመጣ። ስድስት ዓመት ያህል የዓለምን ትልቁን መንግሥት በዚህ መንገድ ያዘው። ስለዚህ ክህደቱን ስንፈልግ የአቴንስን ልብ ብቻ መመርመሩ ያሳስተናል። የከበባው ጊዜ ውሳኔዎች፣ የግብፃውያኑ እጅ መስጠት፣ የግሪኮቹ ስምምነት፣ የሜጋቢዙስ መሐላና የቤተ መንግሥቱ ቂም ሁሉ በየተራ ያዙት። እኔ የክቴሲያስን መሠረት አምናለሁ፤ በመሐላ ተይዞ መሐላው የፈረሰበት ሰው በክህደት ተያዘ ቢባል ይገባል።

34ኛው በጽኑ ተቃወመኝ። የውጭ ጦር ወደ አገሩ የሚጠራ ራሱ ከዳተኛ ነው፤ በነጭ ግንብ ውስጥ የተዘጉት ግብፃውያን የእሱን መንግሥት አልፈለጉም አለ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ነገር ግን በግንቡ ውስጥ ከእነዚያ ግብፃውያን ጋር የነበሩትም የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ፋርሶችና ሜዶን። በዚያ ዘመን ግብፅ ውስጥ ባዕድ ጦር ሳይዝ የተዋጋ ወገን አልነበረም። ይህን ጽፌ መለስኩለት፤ አልተስማማም፤ እንዳለን ቀረን።

36ኛዋ አቴንስ ከሽንፈቱ ያተረፈችውን አመጣች። በ454 የጥምረቱ ግምጃ ቤት ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴንስ ተዛወረ፤ ፋርሶችን ፈርተን ነው ተባለ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከተባባሪ ከተሞች ግብር ስልሳኛው እጅ ለሴት አምላኳ ለአቴና እየተነሣ በድንጋይ ይጻፍ ጀመር። ከፋቹ ይህን ሲያይ ነፍሱ ተመለሰች፤ ያልኩት ይህንኑ ነው፣ በግብፅ የጠፋውን ሰበብ አድርጋ በወዳጆቿ ላይ በረታች አለ። እዚህ ላይ ሐቅ አለው።

38ኛው በ445 ገደማ አንድ የግብፅ ንጉሥ ለአቴንስ 40 ሺህ ሜዲምኖስ (የግሪክ የእህል መስፈሪያ) እህል በስጦታ መላኩን ከፕሉታርክ ጠቅሶ ጻፈ፤ ፕሳሜቲኮስ የሚለውን የሰጪውን ስም ግን የሚነግረን ፊሎኮሮስ የተባለ የአቴንስ ጸሐፊ ነው። እህሉ ሲከፋፈል ማን ዜጋ ነው የሚል ምርመራ ተነሣ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ሰውም ከዜግነት ተሠረዘ። ስሙ ከኢናሮስ አባት ስም ጋር አንድ ስለሆነ፣ የዚያው ቤት ሰው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ግምቱ ያስኬዳል፤ ከሆነም፣ ኢናሮስ ከሞተ በኋላ እንኳ ያ ቤት አቴንስን እንደ ጠላት አላያትም ማለት ነው።

39ኛዋ ሄሮዶቱስን ጠቅሳ የልጁን ነገር ተናገረች። ፋርሶች የነገሥታትን ልጆች ያከብራሉ፤ አባት ቢሸፍትም ግዛቱን ለልጁ ይመልሳሉ፤ የኢናሮስ ልጅ ታኒራስ የአባቱን ግዛት መልሶ አገኘ። ሄሮዶቱስ ይህን ካለ በኋላ፣ ከኢናሮስና ከሌላው አማፂ ከአሚርቴዎስ የበለጠ ፋርሶችን የጎዳ ማንም እንደሌለ ይጨምራል። 40ኛው ተነሥቶ ልጁ አባቱን ከሰቀሉት እጅ ሹመት በመቀበሉ እሱም ከዳተኛ ነው ሲል፣ 39ኛዋ በአንድ መስመር መለሰችለት፤ ማሬያ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ።

41ኛው ስለ አሚርቴዎስ ነው። አመፁ ሲከሽፍ እሱ በዴልታው ረግረግ ውስጥ ቀረ፤ ረግረጉ ሰፊ ስለነበረና ሰዎቹም ከግብፃውያን ሁሉ ይልቅ ተዋጊዎች ስለነበሩ ፋርሶች ሊይዙት አልቻሉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ450 ገደማ፣ የአቴንሱ የጦር አለቃ ኪሞን በ200 መርከብ ቆጵሮስ ላይ ሲዘምት አሚርቴዎስ እንደ ኢናሮስ ወደ አቴናውያን ላከ፤ እነሱም እንደገና 60 መርከብ ሰደዱለት። ኪሞን በዚያ ዘመቻ ሞተ፤ 60ውም መርከብ ከሌሎቹ ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ። መላሹ ይህን የጻፈው አቴንስ ያን ሁሉ ሰው ካጣች በኋላም ለረግረጉ ጥሪ ጆሮዋን እንዳልዘጋች ለማሳየት ነው። ከፋቹ ወዲያው ተመለሰበት፤ መርከቦቹ ምን ሠርተው ተመለሱ ሲል ጠየቀ፤ እስካሁን መልስ አላገኘም። ስለ አሚርቴዎስ ለብቻው ሌላ ክር እንደሚከፍት አስታውቋል፤ መሐንዲሱም የረግረጉን ውኃ ነገር ይዤ እመጣለሁ ብሎታል።